ድንገቴ የተባለው ካርድ

ዛሬ ብትጠይቁኝ ድንገቴን የመሰለ ክፉ ካርድ አላየሁም እላችኋለሁ። ያኔ ልጅ ሳለሁ ግን "ድንገቴ ምን ይረባል?" ያለኝን የሰፈር ልጅ ሁሉ ፀጉር ለፀጉር ተያይዤ ነው ያሳመንሁት። ካርዱን ያመጣው አባቴ ነበር። ድንገቴን ናቀ ማለት አባቴን ናቀ ማለት ነው፤ አበቃ።

አባቴ ሙሀመድዘይን ጣና ዳር ባለችው ከተማችን፣ ግሽ አባይ ሰፈር የልብስ ሱቅ ነበረው። ዕቃውን መተማ ወርዶ፣ አንዳንዴም ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ ድረስ ሄዶ ያመጣል። አንድ ጊዜ ከልብሱ ጋር አንድ ካርቶን የመጫወቻ ካርድ ጭኖ መጣ። አንበሳ፣ ጂኒ፣ ሰይፍ የመዘዘ ፈረሰኛ ተሥሎበታል፤ ጽሑፉ ሁሉ ዐረብኛ ነው። እናቴ ሐሊማ "አሁን ይኼን ማን ይገዛሃል?" ብላ ሳቀችበት። ማን አልገዛው! የፔዳ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰምተው መጡ፣ ከዚያ በኋላማ ከሱቁ በር አልጠፋ አሉ። ወንድሜ ሙአዊያ መድረሳ የተማረ ስለሆነ በካርዱ ላይ የተጻፈውን የሚያነብላቸው እሱ ነበር።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ለሁለቱም እኩል ነፍስ ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ በየተራ ካርድ እያወረዱ የባላጋራን ነፍስ መጨረስ ነው። ድንገቴ ግን እንደ ሌላው ካርድ ፊቱን አሳይቶ አይወርድም። ተደፍቶ ነው የሚቀመጠው። ተደፍቶ በቆየ ቁጥር ጉዳቱ በየዙሩ እየጨመረ ይሄዳል። የደፋው ሰው ደስ ባለው ሰዓት ሲገለብጠው ያ ሁሉ የተጠራቀመ ጉዳት በአንዴ ይወርዳል። ባላጋራውም ከጠረጠረ በራሱ ተራ ካርዱን መትቶ ቀድሞ ሊያስገልጠው ይችላል፤ እስከዚያ የተጠራቀመውን ግን በራሱ ላይ ይቀበላል።

አባቴ ወደ መተማ ሊነሳ ሲል አንድ ድንገቴ ለሁለታችን ሰጠን። የፔዳ ልጆች ውድድር ሊያደርጉ ነው፣ "ድንገቴን በብዛት አምጣልን" ብለውታል፤ እሱ ደግሞ ሳያጣራ የሚጭን ነጋዴ አይደለም።

"ተጫወቱበትና ገምግሙልኝ" አለን። "ለውድድር ይሆናል፣ አይሆንም? ስመለስ ትነግሩኛላችሁ።" ከዚያ ወደ እናቴ ሆድ እያየ፣ "አንቺ ደግሞ እኔ ሳልመጣ እንዳትወልጂ" አላት።

"ሒናዬን ተቀብቼ ነው የምጠብቅህ። ብቻ አትቅርብኝ" አለችው።

ቀረባት። የተሳፈረበት አይሱዙ ሲመለስ ገደል ገባ። ሬሳውን ወረታ፣ የአያቶቼ አገር አድርሰው እዚያው ቀበሩት። ታላቅ ወንድሙ አጎቴ ሰላህ ያውቃሉ፤ የእናቴ እኅት አክስቴ ዘሐራ ታውቃለች፤ ሙአዊያ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ አፈር መልሷል። የማናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፣ ደም ግፊቷ አልወርድ ብሏል፣ ሐኪሙ "እንዳትደነግጥ አደራ" ብሏል። ስለዚህ እስክትወልድ መርዶው እንዲደበቅ ተማከሩ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አባቴ ገዳሪፍ መሻገሩንና የእኛ አገር ስልክ እዚያ አለመሥራቱን ነው።

አጎቴ ሙአዊያን "ወረታ ዕቃ እናምጣ" ብለው ወሰዱትና በማግሥቱ መለሱት። ዕቃ ግን አልያዙም። የሙአዊያ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ጥቁር አፈር ደርቆበታል።

"ወደቅህ እንዴ?" አልሁት።

"አዎ፣ ወደቅሁ" አለኝ።

ያን የሚያህል ጎረምሳ እንዴት ይወድቃል ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁበት። እሱም ከእኔ ጋር ሊስቅ ሞክሮ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲያ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቤት አንገባም። ጣና ዳር ይወስደኛል፣ ከሾላው ሥር ሻሹን ያነጥፍልኛል፣ ካርዱን ያወጣል። ደንገሉ አጠገብ ውኃው ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤ ጀልባ የሚቀዝፉት ሰዎች ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። እኔ ለውድድሩ የሚለማመድ መስሎኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቤት መግባት የከበደው ልጅ እንደሆነ፣ የእናቱን ዐይን ማየት የፈራ ልጅ እንደሆነ በምን ልወቅ?

አንድ ቀን ድንገቴን ደፍቶ ሲጫወት ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተሳሳተ ሄደ። አንበሳውን ያለ ቦታው አወረደ፤ ፈረሰኛውን በከንቱ አስበላ። እኔ ደግሞ ለአሸናፊነት ማን ብሎኝ!

"ምን ነካህ? ድንገቴ እጅህ ላይ እያለ ትሸነፋለህ?" አልሁት።

"እሱ ነው የሚያሸንፈኝ" አለ። "እዪ ሱምያ፣ ለአባ ስንገመግም ይህንንም መቁጠር አለብን። ካርዱን የደፋ ሰው ሌላ ነገር አያስብም። ዐይኑ ከሱ አይነቀልም። አሁን ልግለጠው፣ ትንሽ ይቆይ፣ ነቅተውብኝ ይሆን ሲል ሌላው ካርድ ከእጁ ያልቃል።"

"ቢሆንስ? በቆየ ቁጥር ይከብዳል እኮ!"

"ይከብዳል።"

"እና ጥሩ ነዋ!"

"ቶሎ ቢገለጥ ያማል፤ ግን ባላጋራሽ ነፍስ ይተርፈዋል። ተጫውቶ ሊድን ይችላል። ብዙ ቆይቶ ከተገለጠ ግን ምን ይተርፈዋል?"

"እንዲተርፍ ማን ይፈልጋል?" አልሁት።

ሙአዊያ ካርዶቹን ጣላቸውና ወደ ውኃው ወረደ። ፊቱን ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ መታጠቡ አያልቅም። እኔ በክርክር የረታሁት መስሎኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ያለ ወትሯቸው ይመላለሱ ጀመር። አንዷ ሾርባ፣ አንዷ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፤ እናቴን አቅፈው ሲስሟት ይቆያሉ፤ ከዚያ በር ላይ ወጥተው በነጠላቸው ዐይናቸውን ይጠርጋሉ። እናቴ ከኋላቸው እያየች፣ "ይገርምሻል ሱምያ፣ የዘንድሮ ሰው እንዴት ነው የወደደኝ!" አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ቆሎ የምትሸጠዋ እንኳ ታውቅ ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ ከመኝታዋ ስትነሳ ፊቷ በርቷል። "ከእንግዲህ ቢመጣ ዛሬ ነገ ነው። ሒናዬን በጥብጡልኝ" አለች።

አክስቴ ዘሐራ "ኧረ ተይው ሐሊማ፣ በዚህ ሆድሽ" አለቻት።

"ሆዴ ምን አለው? እጄን ነው የምቀባው!"

"ከወለድሽ በኋላ ትቀቢያለሽ።"

"ምነው ዘሐራ? ለባሌ እኮ ነው።"

አክስቴ ሳህኑን አነሳች። ሳህኑ አመለጣትና ሒናው ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ሳታነሳው እየሮጠች ወጣች። እኔ ቅናት ነው አልሁ። አክስቴ ባል አልነበራትም፤ በልጅነት ሂሳቤ ባል የሌላት ሴት ባል ያላትን ሒና መቀባት ያስቀናታል።

ጨርቅ ላመጣ ስወጣ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። አክስቴ ከአጎቴ ሰላህ ጋር በሹክሹክታ ይጣላሉ።

"ዒዳ ላይ ያለች ሴት ሒና ልትቀባ ነው እኮ! ወንጀሉ በማን ነው?" ትላለች።

"ሳታውቅ ያደረገችውን አላህ አይይዝባትም" አሉ አጎቴ። "ዒዳው እንደሆነ ከዕለቱ ጀምሮ እየተቆጠረ ነው።"

"ስትወልድ ያልቃል እኮ! አንድ ቀን እንኳ ሳታዝንለት ያልቅባታል!"

"ብትሞትብንስ? ሁለቱንም እንቅበር ነው የምትይኝ?"

ሙአዊያም እዚያ ቆሞ ነበር ለካ። "አጎቴ፣ እኔ ልንገራት" አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ለኔ ይፍቀዱልኝ። በየቀኑ 'ደወለ ወይ' ትለኛለች። ወላሂ አልቻልሁም።"

"እስክትወልድ አይገለጥም ብያለሁ! አማና፣ አደራ ነው የሰጠሁህ። የአባትህ አማና ነው።"

"አይገለጥም" ሲሉ አጎቴም ስለ ድንገቴ የሚያወሩ መስሎኝ ተደነቅሁ። ዒዳ የሚሉት ደግሞ አንድ በሽታ ነው፤ እናቴን ይዟታል፤ ስትወልድ ይለቃታል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ገባሁ። ዒዳ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠው የሐዘን ጊዜ መሆኑን፣ በዚያ ጊዜ ሽቶ እንደሌለ፣ ጌጥ እንደሌለ፣ ሒና እንደሌለ፣ እርጉዝ ከሆነች ደግሞ በወለደች ሰዓት እንደሚያበቃ የነገረኝ ሰው የለም። አጎቴ የሚሸሽጉት የባልን ሞት ብቻ አልነበረም። የምታዝንበትን ጊዜም አብረው ሸሽገውባታል። ይህን ከሳቸው በቀር ሁሉም ያየው ይመስለኛል፤ ወይ እሳቸውም አይተውት ይሆናል።

የተረፈውን ሒና እኔ በጠበጥሁት። እናቴ መዳፏን ጭኔ ላይ ዘረጋችልኝ፤ እኔም ምላሴን አውጥቼ፣ እየተጠነቀቅሁ፣ በየጣቷ ጫፍ ቀባሁላት። መሐሉ ላይ ጨረቃ ሠራሁ። "አባትሽ ሲያየው ምን ይል ይሆን?" አለችኝ። "ሱምያ ናት የሠራችው በይው" አልኋት። ሲደርቅ አጥባ ብርሃን ላይ ያዘችው። እንዴት ያለ ቀይ ወጣ!

የውድድሩ ቀን ሙአዊያ ካርዶቹን ሲያዘጋጅ ድንገቴን መዞ አወጣና በእጄ አስያዘኝ።

"አንቺ ዘንድ ይቀመጥ" አለኝ።

"አብደሃል? በምን ልታሸንፍ ነው? አባንስ ምን እንለዋለን?"

"ገምግሜዋለሁ። አልፈልገውም።"

ዛሬ ላይ ሳስበው፣ አንድ ሰው ስንት ድንገቴ ደፍቶ መቀመጥ ይችላል?

ውድድሩ ፔዳ አጠገብ ካለ ካፌ በረንዳ ላይ ነበር። ተማሪው ወንበር አልበቃው ብሎ አጥር ላይ ተሰቅሏል። የስፕሪስ ሽታ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ጫጫታ። ሙአዊያ ሁሉንም እየጣለ መጥቶ ለመጨረሻው ጨዋታ ከምናሴ ጋር ተቀመጠ። ምናሴ ረጅም፣ ሳቂታ፣ የምሕንድስና ተማሪ ነው፤ ሱቃችን ሲመጣ ከረሜላ ይሰጠኛል። በመጀመሪያው ተራው አንድ ካርድ ደፍቶ አስቀመጠ። ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ሙአዊያ ግን እየበለጠ ሄደ። የምናሴ ነፍስ ልታልቅ ምንም አልቀራት። ፈረሰኛው ወርዷል፣ አንበሳው ወርዷል፣ አንዴ ብቻ ምናሴን ቢመታው አለቀ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ "በለው! በለው!" እላለሁ። ሙአዊያ የተደፋውን ካርድ ነው የሚያየው። ግንባሩ በላብ ርሷል። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ ጀርባውን ነካው።

"እሱን ነው የምመታው" አለ።

ምናሴ ሳቁ ጠፋ። "ሙአዊያ፣ እኔን ምታኝ እንጂ። ጨርሰኸኛል እኮ።"

"ይገለጥ።"

"ያ ሁሉ ዙር የተጠራቀመ ነው። ትሸነፋለህ።"

"ከዚህ በላይ አይቆይም! ግለጠው አልሁህ!" ብሎ ጮኸ።

ምናሴ ገለበጠው። ጉዳቱ ወረደ፣ ወንድሜ እፍኝ ነፍስ ቀረችው፣ በሚቀጥለው ተራ እሷም ሄደች። አንዱ ሳቀበት፣ ሌላው "ምን ዓይነት ጅል ነው?" አለ። ሙአዊያ ካርዶቹን እንኳ አልሰበሰበም። እጄን ይዞ አስወጣኝና ባጃጅ ላይ ጫነኝ።

መንገዱን ሙሉ ሰደብሁት። ፈሪ አልሁት፣ ደነዝ አልሁት፣ ለአባ እነግርልሃለሁ አልሁት። ያን ጊዜ ብቻ ዞሮ አየኝ። "ሱምያ፣ ቤት ስንገባ እጄን እንዳትለቂኝ" አለ። እጁ በረዶ ነበር። ፍርሃት መጣብኝና እጁን በሁለት እጄ ያዝሁት።

አጎቴ ሰላህ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። የሙአዊያን ፊት አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ "ወዴት ነው?" ብለው መንገዱን ዘጉ።

"አጎቴ፣ አማናዎን መመለሴ ነው" አለ።

ኮሌታውን ያዙት። "ልትገድላት ነው? አንተ ልጅ፣ እናትህን ልትገድል ነው?" ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፣ የልመና ነበር። በዚህ መሐል እናቴ ከውስጥ ተጣራች። "ሙአዊያ ነው? አሸነፍህ?"

አጎቴ እጃቸው ላላ።

ገባን። እናቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሙአዊያ ፊቷ ተንበረከከ፤ እኔን እንደያዘ ነው።

"ተሸነፍሁ፣ እማ።"

"እና ለዚህ ነው እንዲህ የሆንኸው? አባትህ ሲመጣ ሌላ ያመጣልሃል።"

"እማ፣ አባ አይመጣም።" ትንፋሹን ሳበ። "አባ ሞቷል። ወረታ ነው የተቀበረው። አፈር ያለበስሁት እኔ ነኝ።"

እናቴ አልጮኸችም። እኔ ነኝ የጮኽሁት፤ "ውሸታም!" አልሁት፣ በቡጢ መታሁት፣ እጄን ግን አልለቀቀም። እናቴ "መቼ?" አለች። ነገራት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ወደ ኋላ ቀኑን እየቈጠረች ነበር። ከዚያ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው።

ተነሥታ ወደ መታጠቢያው ሄደች። በሳሙና አሸችው። በአመድ አሸችው። ሎሚ ቆርጣ አሸችው፣ መዳፏ እስኪላጥ። ሒና እንዲህ ሲሉት የሚለቅ ነገር አይደለም። "ተቀብቼለታለሁ እኮ!" አለች። "እሱ አፈር ውስጥ፣ እኔ ሒና! ኢና ሊላሂ! ሰው አይደላችሁም? አንድ ሰው ጠፋ?" የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ሲል ወደ እኔ ዞረች። "ጉትቻዬን አውልቂልኝ" አለችኝ። አወለቅሁላት። ሻሿን በጥቁር ለወጠች፣ መሬት ተቀመጠች፣ ያን ጊዜ አለቀሰች። ከአጥር ውጪ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ በአንድ ድምፅ እየጮሁ ገቡ።

ሐኪሙ የፈራው አልቀረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ራሷን ያማት ጀመር፤ ከዚያ ተንዘፈዘፈች። አሁን እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ያ መንዘፍዘፍ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ባልነገሯትም ሊመጣ ይችል እንደነበር አውቃለሁ፣ ግን ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግረኝ አይችልም። ሆስፒታል ወስደው በቀዶ ሕክምና አዋለዷት። አጎቴ ኮሪደሩ ላይ ሙአዊያን፣ "ብትሞት የገደልሃት አንተ ነህ" አሉት። ሙአዊያ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ "አዎ" አለ።

እናቴ ተረፈች። እኅቴ ተስኒም ጎሕ ሲቀድ ተወለደች። በዚያችው ሰዓት ዒዳው አለቀ።

በአቂቃዋ፣ ለልደቷ በግ በታረደበት ዕለት ወንዶቹ ግቢው ሞልተው ሳለ አጎቴ ስለ ሙአዊያ አነሡ። አማና በላ፣ ሁለት ነፍስ ሊያጠፋ ነበር፣ ከእንግዲህ የወንድሜ ሱቅ አይገባም አሉ። ሙአዊያ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። እጆቿ አሁንም ቀይ ነበሩ፤ የሠራሁት ጨረቃ ከቁስሉ ሥር ይታያል።

"ሰላህ፣ ለእኔ ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ" አለቻቸው። "ግን ዒዳዬን በላችሁብኝ። ለባሌ የማዝንበትን ጊዜ ስስቅበት፣ ስኳልበት፣ ምሳ ስበላበት ከረምሁ። ይህ ልጅ አንዲት ከሰዓት ሰጠኝ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷንም አትውሰዱብኝ።"

አጎቴ ሰላህ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ ሙአዊያ ወረታ ወሰደኝ። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ፋቲሓ ቀራልን። ድንገቴ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ላወጣው ስል ሙአዊያ እጄን ያዘው። ከዚያ ከአፈሩ አጠገብ ቁጢጥ አለና ያን ጊዜ ጣና ዳር ባወራኝ ድምፅ ተናገረ።

"አባ፣ ገምግመነዋል" አለ። "አይሆንም። አታምጣው።"